«መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ»፦ የጤና መድን ካርድ ይዘን ለምን ከኪሳችን እንከፍላለን?

ባለፈው ሰሞን የአንዱ ባልደረባችን እናት ጨጓራቸው ሲበረታባቸው ሆስፒታል ሄዱ። የደም ግፊትም አለባቸው። የጤና መድን ካርዳቸው ታድሷል፣ የዓመቱን መዋጮ ከፍለዋል፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈዋል። አንድ አባል ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርገዋል ማለት ነው። ካርድ ክፍል አልከፈሉም፣ ላቦራቶሪም አልከፈሉም። ሐኪሙም በደንብ አያቸውና አራት መድኃኒት ጻፈላቸው።

ፋርማሲው መስኮት ላይ ሲደርሱ ግን ከአራቱ አንዱን፣ ፓራሲታሞሉን ብቻ ሰጧቸው። ሦስቱ ላይ «የለም» ተብሎ ተጻፈ። «እናት፣ እነዚህን ከውጭ ይግዙ።»

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለው የግል ፋርማሲ ሦስቱን ደምሮ ከ2,000 ብር በላይ ጠየቃቸው። ለዓመቱ ከከፈሉት መዋጮ ይበልጣል። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና ለልጃቸው እንዲህ አሉት፦ «የጨጓራውን ግዛልኝ፣ የሚያመኝ እሱ ነው። የግፊቱ ምንም አይሰማኝም፣ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል።»

እዚህች ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ምልክትም አያሳይም። ሳያሳይ ግን ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥርን ይጎዳል። ብዙ ሰው ስትሮክ የሚመታው «ምንም አይሰማኝም» ብሎ መድኃኒቱን ባቋረጠበት ጊዜ ነው። እኚህ እናት ገንዘብ ሲያጥራቸው የተዉት ዋናውን መድኃኒት ነበር።

ልጃቸው ማዘዣውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፋርማሲስት ለሆነች ጓደኛው ላከላት። «ሦስቱም ሌላ አማራጭ አላቸው፣ ሳትገዙ ተመለሱና ዶክተሩን ጠይቁት» አለችው። ተመለሱ። ዶክተሩ አልተቆጣም። «ፋርማሲው ውስጥ ምን እንዳለ ምን እንደሌለ እኮ አይነገረንም» ብሎ ሁለቱን ቀየረ፣ አንዱን ሰረዘ። አዲሱን ማዘዣ ይዘው መስኮቱ ጋ ሲመለሱ ሁሉም አለ። የከፈሉት ዜሮ ብር።

ያው ሐኪም፣ ያው በሽታ፣ ያው የመድን ካርድ ነው። የተቀየረው ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ዛሬ የምናብራራው ይሄንን ነው፦ ሐኪሙ የሚጽፍበት ልማድ የመድን ካርዳችሁን ዋጋ እንዴት እንደሚወስነው፣ እናንተስ ምን መጠየቅ እንደምትችሉ።

■ መጀመሪያ፣ ካርዱ የሚሠራው እንዴት ነው?

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው በ2011 እ.ኤ.አ. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል፣ በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሆኖ ነው የተጀመረው። አርሶ አደሩንና ደመወዝተኛ ያልሆነውን የከተማ ነዋሪ ታሳቢ ያደረገ ነው። ለደመወዝተኛው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶለት ነበር፤ እሱ ግን ለብዙ ዓመታት ወደ ሥራ ሳይገባ ቆየ።

አሠራሩ እንደ ዕድር ነው ብላችሁ አስቡት። ሁሉም ቤተሰብ በዓመት ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አባሉ ታክሞ ሲወጣ ጤና ተቋሙ ሒሳቡን አጠናቅሮ ለመድኑ ይልካል፣ መድኑም ለተቋሙ ይከፍላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከጤና ጣቢያ ሳትጀምሩ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው ወደ እናንተ ይመጣል (ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ይለያል)። ሁለተኛ፣ መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባበት ተቋም ነው። ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ብትወስዱ ሒሳቡ በመድኑ በኩል ያልቃል። መንገድ ተሻግራችሁ ከግል ፋርማሲ ከገዛችሁ ግን፣ ያ ፋርማሲ ውል ከሌለው በቀር፣ የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው።

ስለዚህ ለመድን አባል ትልቁ ጥያቄ «መድኃኒቱ ስንት ነው?» አይደለም። «መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አለ ወይ?» ነው።

■ የሦስቱ መድኃኒቶች ነገር

እስቲ ወደ እናትየው ማዘዣ እንመለስና ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ብዙ ሰው ማዘዣ ላይ ስለሚገኙ ነው።

የመጀመሪያው ለጨጓራ የታዘዘው ኢሶሜፕራዞል ነው። ኦሜፕራዞልን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፣ በየቤቱ ያለ ካፕሱል ነው። ኦሜፕራዞል እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅርጽ ያላቸው ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። የኦሜፕራዞል ባለቤት የነበረው ኩባንያ የፈጠራ መብቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ግራውን ብቻ ለይቶ «ኢሶሜፕራዞል» ብሎ፣ በአሜሪካ ከ2001 ጀምሮ «ኔክሲየም» በሚል ስም ሸጠው። የጉሮሮ ቱቦው በአሲድ ክፉኛ ለቆሰለ ሰው ትንሽ ብልጫ እንዳለው ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለተለመደው የጨጓራ ሕመም ግን ለአብዛኛው ሰው በተመጣጣኝ መጠን ከተወሰዱ ልዩነታቸው ይህን ያህል አይደለም። የዋጋቸው ልዩነት ግን ኪስ ይጎዳል። ዶክተሩ ይህንን ወደ ኦሜፕራዞል ቀየረላቸው።

ሁለተኛው የግፊቱ ነው። አምሎዲፒንና ቫልሳርታን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተደባልቀው፣ በንግድ ስም ነበር የተጻፈው። ይሄ ስህተት አይደለም። እንዲያውም ሁለት ክኒን ከመዋጥ አንድ መዋጥ ስለሚቀል ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እንዲህ ያሉ ጥምር የግፊት ክኒኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ችግሩ ጥምሩ ሆስፒታሉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። አምሎዲፒን ለብቻው አለ፣ የቫልሳርታን ዘመድ የሆነው ሎሳርታንም ለብቻው አለ። ጥሩ መድኃኒት ሰው ካልገዛው መድኃኒት አይደለም። ዶክተሩ ሁለቱን ለየብቻ ጻፈላቸው።

ሦስተኛው ቫይታሚን ነበር። ባለቀለም ካርቶን ውስጥ ያለ፣ ከሦስቱ ሁሉ ውዱ። ለምን እንደታዘዘ ሲጠየቅ ዶክተሩ «ድካም አለኝ ብለውኝ ነበር፣ ለማጠናከሪያ ነው፣ የግድ አይደለም» አለና ሰረዘው። ልጁ እንደነገረን እናትየው ሊገዙት ቆርጠው የነበረው ይሄንንም ጭምር ነው፤ «ዶክተር ከጻፈው ያስፈልገኛል ማለት ነው» ብለው።

■ አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ስም

እያንዳንዱ መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ስም አለው። አንዱ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፣ ጀነሪክ ስም ይባላል። ሌላው ኩባንያው ያወጣለት የንግድ ስም ነው፣ ብራንድ የምንለው። ፓናዶል ብራንድ ነው፣ ውስጡ ያለው ፓራሲታሞል ነው። ግሉኮፋጅ ብራንድ ነው፣ ውስጡ ሜትፎርሚን ነው። አውግመንቲን ብራንድ ነው፣ ውስጡ አሞክሳሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ ነው።

አሁን ቤታችሁ ያለ አንድ ካርቶን አንሱና እዩ። በትልቁ የተጻፈው ብራንዱ ነው። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው ጀነሪኩ ነው። ስልካችሁ ላይ መፈለግ ያለባችሁ ትንሹን ጽሑፍ ነው።

«ጀነሪክ ማለት ጥራቱ ዝቅ ያለ ማለት አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። አይደለም። አንድ ጀነሪክ መድኃኒት ተመዝግቦ ለገበያ እንዲቀርብ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገርና መጠኑ ከብራንዱ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ሰውነት ውስጥም በተመሳሳይ ሁኔታ መሥራት አለበት። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከ10 ማዘዣ ወደ 9 የሚሆነው የሚሞላው በጀነሪክ ነው። ርካሽ የሆነው የመጀመሪያውን ምርምር ወጪ ስለማይሸከም፣ ብዙ ኩባንያዎችም ስለሚያመርቱት ነው።

እርግጥ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ በኮንትሮባንድ የገባና ያልተመዘገበ መድኃኒት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ብራንድ የሚል ካርቶን ቢኖረውም አደጋ ነው። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ብቻ ግዙ። ሁለተኛው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) እና የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የኩባንያ ለውጥ እንኳ ቢሆን ሐኪማቸው ሳያውቅ መቀያየር የለባቸውም። እነዚህ መጠናቸው ትንሽ ሲዛነፍ ችግር ያመጣሉ።

■ ታዲያ ሐኪሞች ለምን በብራንድ ይጽፋሉ?

ብዙዎቻችን ቶሎ የምንደርስበት መልስ «ኮሚሽን ይበላሉ» የሚል ነው። እንዲህ ብሎ ሁሉንም መክሰስ ግን ልክም አይደለም፣ አይጠቅምምም። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፦

• ልማድ። ሐኪም መጻፍ የሚማረው ከመምህሩ ነው። መምህሩ «አውግመንቲን» ሲል የሰማ ተማሪ ዕድሜ ልኩን «አውግመንቲን» ይላል። ስሙም አጭር ነው፣ «አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር» ብሎ ከመጻፍ ይቀላል።

• መረጃ ማጣት። ባለፈው ታሪክ እንዳያችሁት፣ የምርመራ ክፍሉና ፋርማሲው አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው አይነጋገሩም። ሐኪሙ ዛሬ ምን እንዳለ አያውቅም፣ ዋጋውንም አያውቅም። ማዘዣው ላይ የዋጋ ቦታ አለ፤ እሱን የሚሞላው ግን ፋርማሲው ነው፣ ሐኪሙ ሳይሆን።

• የጥራት ስጋት። «ያኛውን ሰጥቼ በሽተኛዬ አልተሻለውም» ያለ ሐኪም ወደሚያምነው ምርት ይሄዳል።

• እኛ ታካሚዎቹ። ይሄን መዋጥ አለብን። መርፌ ካልተወጋን የታከምን የማይመስለን ብዙ ነን። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ካልተጻፈልን «ምኑን ሐኪም ሆነ» እንላለን። ሐኪሙ ደግሞ ደጅ ላይ 30 ሰው ቆሞበት ከመከራከር መጻፍ ይቀለዋል።

• የኩባንያ ወኪሎች። ቦርሳ ይዘው የሐኪም ቢሮ የሚያንኳኩ፣ ናሙናና ብዕር የሚሰጡ፣ ስልጠናና ምሳ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ሕጋዊ ነው፣ ስለ አዲስ መድኃኒት መረጃም ይሰጣሉ። ግን የሚነግሩት ስለ ራሳቸው ምርት ነው።

ይህ የመጨረሻው ምን ያህል ተጽዕኖ አለው? ለዚህ ጥሩ መረጃ ያለው አሜሪካ ስለሆነ ለአፍታ ወደዚያ እንሂድ።

■ ከ20 ዶላር በታች የሆነ ምሳ

አሜሪካ ውስጥ በ2010 በወጣ ሕግ መሠረት የመድኃኒት ኩባንያዎች ለሐኪም የሰጡትን ገንዘብ፣ ስጦታና ግብዣ ለመንግሥት ማሳወቅ አለባቸው። መረጃው ከ2014 ጀምሮ በስም እየተዘረዘረ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። በሌላ በኩል ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ውስጥ እያንዳንዱ ሐኪም ምን መድኃኒት በብዛት እንደሚያዝና ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ መረጃም አለ። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም በ2013 ይህንን ማንም ሰው የሐኪሙን ስም አስገብቶ እንዲያይ አድርጎት ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ የእናትና የአባታችሁን ሐኪም ዛሬም ማየት ትችላላችሁ።

በ2016 ተመራማሪዎች ሁለቱን መረጃዎች አገናኟቸው። 279,669 ሐኪሞችን አዩ። ከኩባንያ ከተሰጡት ነገሮች 95 በመቶው ምግብ ነበር፣ የአንዱ ምግብ አማካይ ዋጋም ከ20 ዶላር በታች። ውጤቱ? አንድ ምሳ ብቻ የተጋበዙ ሐኪሞች፣ በግብዣው ላይ የተዋወቀውን ብራንድ መድኃኒት ካልተጋበዙት ይልቅ አብዝተው ሲያዙ ተገኙ። ብዙ በተጋበዙ ቁጥር ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ካዩአቸው አራት መድኃኒቶች ሁለቱ የግፊት ነበሩ።

ጥናቱ «ምሳው ነው ያስለወጣቸው» ብሎ አያረጋግጥም። ምናልባት መድኃኒቱን የሚወዱ ሐኪሞች ናቸው ወደ ግብዣው የሄዱት። ግን 20 ዶላር የማይሞላ ምሳ ማንንም «ገዛ» ማለት ይከብዳል። ሐኪሙ ራሱ ሳያውቀው ልማዱ ሊዘነበል ይችላል። ስለዚህ ነው ጉዳዩን በሰው ክፋትና ደግነት ብቻ ማየት የማያዋጣው። መለካት ያስፈልጋል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ የለም።

■ የአንድ ሐኪም ልማድ እንዴት ይለካል?

የሚገርመው፣ መለኪያው ከ30 ዓመት በፊት ነው የተዘጋጀው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ያወጣው መመሪያ ከተከማቹ ማዘዣዎች ላይ አምስት ነገር ብቻ ቁጠሩ ይላል፦

1. ለአንድ ታካሚ በአማካይ ስንት መድኃኒት ተጻፈ?
2. ከተጻፉት ስንት በመቶው በጀነሪክ ስም ነው?
3. ስንት በመቶ ታካሚ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት?
4. ስንት በመቶ ታካሚ መርፌ ታዘዘለት?
5. ከተጻፉት ስንት በመቶው ከአገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነው?

በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ጥናቶች በብዛት የሚጠቀሙበት መመዘኛ በአንድ ታካሚ ከሁለት በታች መድኃኒት ነው፤ የጀነሪኩና የዝርዝሩ ደግሞ ወደ 100 በመቶ የቀረበ። እርግጥ እንደ ክፍሉ ይለያያል። ስኳር፣ ግፊትና የልብ ሕመም ያለበትን ሰው የሚያይ ሐኪም አምስት መድኃኒት ቢጽፍ ልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪምን ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ነው።

ይህን ለመሥራት ትልቅ ማሽን አይፈልግም። ማዘዣዎቹ ሆስፒታሉ ውስጥ አሉ፣ የሐኪሙ ስምም ላያቸው ላይ አለ። የመድን ታካሚ ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ ለመድኑ ስለሚላክ ሁለተኛ ቅጂ አለ ማለት ነው። ሆስፒታሎችም የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ የሚባል አላቸው፤ ሥራው የሆስፒታሉን የመድኃኒት ዝርዝር ማዘጋጀትና አጠቃቀሙን መከታተል ነው። የፋርማሲን ሥራ ከግዢ እስከ ሽያጭ ኦዲት ሊደረግ በሚችል መንገድ ማካሄድ የሚቻለው አሠራር እኮ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነስቶ ነው ወደ ሌሎች የተስፋፋው። ማለትም እዚሁ አገር ተሞክሯል።

■ «ሁለት መቶ ብር ምን አላት?»

አንድ ማዘዣ ብቻ ስናይ ትንሽ ነገር ይመስላል። እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላው (ቁጥሩ የእኛ ምሳሌ ነው)። አንድ ሐኪም በቀን 30 የመድን ታካሚ ያያል እንበል። ለእያንዳንዱ ከሚያስፈልገው በላይ የ100 ብር መድኃኒት ቢጽፍ በቀን 3,000 ብር ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 66,000 ብር። በዓመት 792,000 ብር። የአንድ ሐኪም ብቻ።

ይሄ ብር ከሁለት ቦታ ይወጣል። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለ ከመድኑ ቋት ይወጣል። ከሌለ ከታካሚው ኪስ ይወጣል።

ከቋቱ ሲወጣ ምን ይሆናል? የመንግሥት ሆስፒታሎች መድኃኒት የሚገዙት በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፣ የሚገዙትም በተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ይሸጣሉ፣ ብሩን ሰብስበው መልሰው ይገዛሉ። የመድን ታካሚ ሲሆን ብሩ የሚመጣው ከመድኑ ነው። ቋቱ ሲሳሳ ክፍያው ይዘገያል። ክፍያው ሲዘገይ ሆስፒታሉ መግዣ ያጥረዋል። መግዣ ሲያጥረው መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ቀጣዩ የመድን ታካሚ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሲጠየቅ ደግሞ «ካርዱ ምን ሠራልኝ?» ብሎ ይወጣል። ሰው ሲወጣ ቋቱ ይበልጥ ይሳሳል።

ለአንዱ የተጻፈው የማያስፈልግ ቫይታሚን ለሌላው ኢንሱሊን መግዣ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ። አብዛኛው መድኃኒት፣ አገር ውስጥ የሚመረተውም ቢሆን ጥሬ ዕቃው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። በፊት በብራንድና በጀነሪክ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት በብር ሲሰላ ሰፋ ማለት ነው።

ገንዘብ ብቻም አይደለም። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት መድቧል፤ ሴፍትሪያክሶን ያለው ባክቴሪያ እንዳይለምደው በጥንቃቄ መታዘዝ ካለባቸው ውስጥ ነው። ቀለል ባለ መድኃኒት ለሚድን በሽታ እሱን መጻፍ ነገ ሲያስፈልገን እንዳይሠራልን ማድረግ ነው።

■ እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ብዙዎቻችሁ እናት፣ አባት ወይም አያት ይዛችሁ ሆስፒታል የምትሄዱ ልጆች ናችሁ። ሽማግሌዎቹ ዶክተር ፊት መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል። እናንተ ጠይቁላቸው። በትሕትና የተጠየቀ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ያስረዳል።

ከምርመራ ክፍሉ ሳትወጡ፦

• «ዶክተር፣ የመድን ታካሚ ነን። ይሄ እዚህ ፋርማሲ አለ? ከሌለ በምትኩ ያለ ነገር ይኖራል?»
• «በጀነሪክ ስሙ ሊጽፉልን ይችላሉ?»
• «ከእነዚህ የግድ የሆነው የትኛው ነው? ቢቀር የማይጎዳውስ?»

ሦስተኛዋን ጥያቄ አትርሱ። ገንዘብ ካጠረ የሚቀረውን መምረጥ ያለበት ሐኪሙ ነው። «የሚያመኝን ልግዛ» እያልን በራሳችን ስንመርጥ የደም ግፊቱና የስኳሩ መድኃኒት ነው የሚቀረው።

ፋርማሲው መስኮት ላይ፦

• «የለም» ከተባላችሁ የትኛው እንደሌለ ማዘዣው ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ፎቶ አንሱት።
• ፋርማሲስቱን «ተመሳሳይ አለ?» በሉት። ካለ ለሐኪሙ አሳዩና ያስቀይሩ።
• ከውጭ መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያ መድኑ ውል ያለው ፋርማሲ መኖሩን ጠይቁ። የቀይ መስቀልና፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ፣ የከነማ ፋርማሲዎችን ዋጋም ሳታዩ አትግዙ።
• ደረሰኝ ተቀበሉ። ወረዳችሁ ያለውን የመድን ጽሕፈት ቤት «ሆስፒታሉ የለም ስላለ ገዛሁ፣ ይተካልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባይተካላችሁ እንኳ ቅሬታው ይመዝገብ። የትኛው ሆስፒታል ምን ደጋግሞ እንደሚያጣ የሚታወቀው ሰው ሲያስመዘግብ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳትቀይሩ፣ እንዳታቋርጡም። መጠየቅና መቀየር ለየቅል ናቸው። ለቲቢ፣ ለኤች.አይ.ቪ. እና ለክትባት ደግሞ መድን ባይኖራችሁም በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው፤ ማንም እንዳያስከፍላችሁ።

■ በመጨረሻ

ከእናንተ ጥያቄ በላይ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ፋርማሲው ያለውንና የሌለውን መድኃኒት ዝርዝር አንድ ገጽ አድርጎ ለየምርመራ ክፍሉ ቢልክ፣ በቴሌግራም እንኳ ቢሆን፣ የእኚያ እናት ዓይነት መመላለስ ግማሹ ይቀር ነበር። ያቺን አንዲት ገጽ ለመላክ አዲስ አዋጅም ሆነ በጀት አያስፈልግም።

እናትየው አሁን ሦስቱንም መድኃኒት በአግባቡ እየወሰዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሲለኩ ግፊታቸው ወርዷል። ልጃቸው «እማዬ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም አብሬሽ እሄዳለሁ» ሲላቸው «አያስፈልግም፣ አሁንማ ራሴ እጠይቃለሁ» አሉት።

ወላጆቹን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።